የሂካሩ ኡታዳን አልበሞች በሽያጭ ብቻ አትመዝኑብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ሰሞኑን በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ስለ ጃፓናዊቷ ዘፋኝ ስለ ሂካሩ ኡታዳ የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ እሷ በአማርኛ ጋዜጣ ተጽፎ በማየቴ በጣም ደስ ብሎኛል። ግን ጽሑፉ የመጀመሪያ አልበሟ ስንት ሚሊዮን እንደተሸጠ ከነገረን በኋላ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ እንደ ቁልቁለት ቆጥሮት አለፈ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የዘፋኟ ምርጥ ሥራዎች የመጡት ሽያጩ ከወረደ በኋላ ነው። በተለይ ከ2016 ወዲህ የወጡት ሦስት አልበሞች ከመጀመሪያው ይበልጣሉ፣ ለምን እንደሆነም ልነግራችሁ ነው። (ወሩንም ዓመቱንም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታ።)

እኔ እንጀራዬ ሙዚቃ ነው። መጀመሪያ ካሴት ሸጥኩ፣ ቀጥሎ ሲዲ፣ አሁን ደግሞ ፍላሽና ሚሞሪ እጭናለሁ። ኡታዳን ያወቅኩት አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) በሚወዱ የዩኒቨርሲቲ ልጆች በኩል ነው፣ ዘፈኖቿን ከኢቫንጌሊየን ፊልሞችና ከኪንግደም ኸርትስ ጌም ነው የሚያውቋቸው። ነጠላ ነጠላ ዘፈን ነበር የሚያስጭኑት። ሙሉ አልበሞቹን የሰማኋቸው እዚህ ኢንተርኔት ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ነው። ያኔ አዲስ ነገር ማውረድ ስለማይቻል እጃችን ላይ ያለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየደጋገምን ስንሰማ ቆየን። አንድ አልበም ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተደረደረ የሚገባው እንደዚያ ሲሰማ ነው።

ስለ ኡታዳ ለመናገር ከእናቷ መነሳት ይሻላል። ጽሑፋችሁ እናቷን አላነሳም። እናቷ ኬይኮ ፉጂ በ1969 ወጥታ በ1970 አገሩን ሁሉ ያነጋገረች የኤንካ ዘፋኝ ናት። ኤንካ የመለየት፣ የመጠጥ ቤት፣ የራቀ አገርና የጠፋ ፍቅር ዘፈን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞቿ አንዱ ሌላውን እየተካ 37 ሳምንታት በተከታታይ የሽያጩን አንደኛነት ይዘው ቆይተዋል። የኬይኮ እናት ማየት የተሳናቸው የሻሚሰን ተጫዋች ነበሩ፤ ሻሚሰን ባለ ሦስት ክር መሣሪያ ነው። አባቷም በዚያ መሣሪያ ታጅበው ታሪክ የሚያዜሙ ሰው ነበሩ። ልጅቷ ያደገችው ከወላጆቿ ጋር እየዞረች እየዘፈነች ነው። እኛ ጎጃሞች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። መሲንቆውን አንግቦ ከሠርግ ወደ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ወደ ጠጅ ቤት የሚሄደውን የአዝማሪ ቤተሰብ እያየን ነው ያደግነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙው የኤንካ ዘፈን የሚዜምበት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (ቅኝት) ከእኛ ትዝታ ማይነር ጋር ድምፅ በድምፅ አንድ ነው። ኪቦርድ ያላችሁ ሞክሩት፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። አምባሰልም ከጃፓኖች አንድ የቆየ ስኬል ጋር ይገጥማል። የኬይኮ ፉጂን ዘፈን ሱቄ ውስጥ ስከፍት ጃፓንኛ የማይሰሙ እናቶች ቆም ብለው «ይህ ዘፈን የማን ነው?» የሚሉኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ልጅቷ ኡታዳ ግን ኤንካ አልዘፈነችም። በ1983 ኒው ዮርክ ተወለደች፣ በሁለት አገርና በሁለት ቋንቋ መካከል አደገች፣ አባቷም ፕሮዲውሰር ናቸው፣ ጆሮዋ የሞላው አር ኤንድ ቢ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው። በ1998 መጨረሻ የመጀመሪያ ነጠላ ዜማዋ ሲወጣ ገና 15 ዓመቷ ነበር። ሆኖም ድምፅዋ ውስጥ ያለው መንቀጥቀጥ፣ የሐረጉ መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚሰበረው ነገር፣ ለእኔ ከአሜሪካ የመጣ አይደለም። እሱን ከእናቷ ቤት ነው ያመጣችው።

አሁን ወደ አልበሞቹ።

«ፈርስት ላቭ» በመጋቢት 1999 ወጣ። ጃፓን ውስጥ ብቻ ከ7 ሚሊዮን 600 ሺህ ቅጂ በላይ ተሽጧል፣ እስከ ዛሬ በዚያ አገር ከእሱ በላይ የተሸጠ አልበም የለም። ይህ እውነት ነው፣ ትልቅ ነገርም ነው። የ16 ዓመት ልጅ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ሠርታ ማለት ነው። የመክፈቻው ዘፈን ቤዝ ዛሬም አላረጀም፣ የአልበሙን ስም የያዘው ባላድ (ዝግ ያለ የፍቅር ዘፈን) ደግሞ ፒያኖው ሲጀምር ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ዝም ይላል። እስከዚህ ከጸሐፊያችሁ ጋር አንድ ነኝ። ግን አልበሙን ሙሉውን ስሙት። ከመካከል በኋላ ይደክማል። ቅንብሩ የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ሬዲዮ ቅጂ የሚመስልባቸው ቦታዎች አሉ። ከቅንብሩ ይልቅ ድምፅዋ ነው አልበሙን የተሸከመው። ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ከዚያ በላይ ግን አይደለም።

«ዲስታንስ» በመጋቢት 2001 መጣ። በዚያው ቀን የሌላዋ ጃፓናዊት ዘፋኝ የአዩሚ ሃማሳኪ የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ስለወጣ ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም እንደ ጦርነት አደረጉት፤ በመጀመሪያው ሳምንት የኡታዳ 3 ሚሊዮን ያህል፣ የሃማሳኪም ለዚያ የቀረበ ተሸጠ። ሁለቱ ሴቶች ምን እንደዘፈኑ የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ስለ አልበሙ ባጭሩ፦ ፈጣን ነው፣ አብረቅራቂ ነው፣ ከአሜሪካ ፕሮዲውሰሮች እነ ጂሚ ጃምና ቴሪ ሉዊስም አሉበት፣ ብዙ ሰው የነካካው መሆኑም ያስታውቃል። ጥሩ ዘፈኖች አሉት። አልበም ሆኖ ግን አይቆምም።

«ዲፕ ሪቨር» ላይ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ሰኔ 2002፣ ኡታዳ 19 ዓመቷ ነው። በዚያው ዓመት የእንቁልጢ ዕጢ ተገኝቶባት ቀዶ ጥገና አድርጋለች። ከዚያ በፊት በሰኔ 2001 ደግሞ ኦሳካ ውስጥ ኢኬዳ በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ገብቶ ስምንት ሕፃናት ገደለ። ከሟቾቹ አንዷ የኡታዳ አድናቂ ነበረች። ኡታዳ ከ«ዲስታንስ» አልበም አንዱን የጭፈራ ዘፈን ወሰደችና ፒያኖና ቫዮሊኑን ፊት አምጥታ፣ ቀስ ብላ እንደገና ዘፈነችው፣ ለዚያች ልጅም መታሰቢያ አደረገችው። እባካችሁ ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ዜማው ያው ነው፣ ቃሉም በአብዛኛው ያው ነው። ነገሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ጎበዝ አዝማሪ በሠርግ የዘፈነውን ዜማ በሐዘን ቤት አዝግሞ ሲያወጣው ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል። ይህን የሠራች ልጅ ናት እንግዲህ ከ1999 በኋላ ወርዳለች የተባለችው።

የዚህ አልበም አደራደርም ያስደንቃል። በቼሪ አበባ ዘፈን በዝግታ ይጀምራል፣ ወዲያው ወደ ታክሲና ወደ ከተማ መብራት ይሮጣል፣ መሃል ላይ ይጠልቃል፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የኪንግደም ኸርትስ ልጆች በእንግሊዝኛ የሚያውቁት ዘፈን በጃፓንኛው መልኩ ይዘጋዋል። እኔ የማውቃቸው ወጣቶች ያንን አንዱን ብቻ ነበር በሚሞሪ የሚያስጭኑት። ከፊቱ ያለውን ሁሉ ሰምቶ እሱ ላይ የሚደርስ ሰው እፎይታው ይገባዋል።

በእንግሊዝኛ የሠራቻቸው ሁለቱ፣ የ2004ቱ «ኤክሶደስ» እና የ2009ኙ «ዚስ ኢዝ ዘ ዋን»፣ አሜሪካ ውስጥ አልተሳካላቸውም። የመጀመሪያው በቢልቦርድ፣ በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ፣ 160ኛ፣ ሁለተኛው 69ኛ ነው ከፍተኛው ደረጃቸው። «ኤክሶደስ» ደፋር ነው፣ አሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ቲምባላንድም አለበት፣ ግራ የሚያጋቡ ድምፆችን አትፈራም። ሁለተኛው ግን የዚያ ሰሞን የአሜሪካ ሬዲዮ ልክ ተለክቶ የተሰፋ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። በማይሰሟት ሰዎች ፊት ለመወደድ የምትጥር ትመስላለች፣ ይህ ደግሞ ለእሷ አይሆንም።

«አልትራ ብሉ» በ2006 ሲወጣ ቅንብሩን በአብዛኛው ራሷ ይዛዋለች። ቀዝቃዛ አልበም ነው። ሲንተሳይዘሩ፣ ባዶው ቦታ፣ ድምፅዋ ብቻውን የቀረበት ሁሉ። አንዳንድ ሰው በዚህ ምክንያት አይወደውም። እኔ በጣም እወደዋለሁ። ደስ የሚል ዜማ ላይ የከፋው ሰው ቃል ታስቀምጣለች፣ ሰምቶ የሚጨፍር ሰው ቃሉን ሲያውቅ ይቆማል። የ2008ቱ «ሃርት ስቴሽን» ከዚያ ሞቅ ይላል፣ ክፍት ነው፣ ለሕፃናት የተሠራ የድብ ዘፈን እንኳ አለው፣ ለቤተሰብ የሚሆነው እሱ ነው። ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ የተሠራው የፍቅር ባላድም እዚያ ላይ ነው ያለው።

ከዚያ ዝም አለች። በ2010 መጨረሻ ሁለት ኮንሰርት አቀረበችና እንደ ማንኛውም ሰው ልኑር ብላ ሥራውን አቆመች። በነሐሴ 2013 እናቷ ቶኪዮ ውስጥ በአሳዛኝ ሁኔታ ሕይወቷ አለፈ። በ2015 ደግሞ ኡታዳ ወንድ ልጅ ወለደች። እናቷን ባጣች በሁለት ዓመቷ ራሷ እናት ሆነች ማለት ነው።

«ፋንቶም» የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመስከረም 2016 ነው። ለእናቷ መታሰቢያ ነው። 11 ዘፈኖች። ደጋግማችሁ ብትሰሙት ያው እንደ መጀመሪያ ቀን ይነካል። የሚጀምረው በለቅሶ አይደለም፣ የሚያስጨፍር ዘፈን ነው፣ በመንገዱ ብቻዬን ነኝ ግን ብቻዬን አይደለሁም ዓይነት ነገር። ከዚያ ሦስተኛው ላይ በየማለዳው በኤንኤችኬ፣ በጃፓን የሕዝብ ቴሌቪዥን፣ በሚተላለፍ ድራማ መክፈቻ የነበረው ይመጣል፣ አበባ ልስጥሽ የሚል ለስላሳ ዘፈን። ጃፓን በሙሉ ጠዋት ጠዋት ቁርሱን እየበላ ሰምቶታል። በወትሮው የማትኳኳል ሰው አንድ ቀን ጠዋት ቀለል ተደርጋ ተኳኩላ ስለመታየቷ ይናገራል። ሲሰሙት ስለ ሙሽራ ይመስላል። አልበሙን የሚያውቅ ሰው ግን የምትገነዘውን እናት ያይበታል። ቅኔ ባደገበት አገር ለምንኖር ለእኛ፣ በዋሸራና በዲማ ስም ለምንኮራ ሰዎች፣ ሰሙ ሠርግ ወርቁ ቀብር የሆነ ዘፈን ከቶኪዮ ሲመጣ ዝም ብለን ልናልፈው አይገባም።

የበጋ ዝናብ ስም ያለው ሰባተኛው ዘፈን ደግሞ ምንም መደበቂያ የለውም። በፒያኖና በድምፅ ይጀምራል። አታለቅስም፣ አትጮህም፣ ዝቅ አድርጋ ነው የምትይዘው። እኛ ዘንድ ሙሾ አውራጅ ሐዘኑን አውጥታ ለሌላው ታካፍላለች፣ ኡታዳ ደግሞ ይዛው ትቀመጣለች፣ ሁለቱም የሐዘን መንገድ ናቸው። የአልበሙ መዝጊያ የሆነው የወደቀ የቼሪ አበባ ዘፈን በ2012 ለኢቫንጌሊየን ፊልም የወጣ ነው፣ እናቷ በሕይወት ሳለች። ግን ከአሥሩ ዘፈኖች ቀጥሎ ሲመጣ ለእሷው የተጻፈ ይመስላል። አልበም ማለት ይህ ነው። የቆየን ዘፈን ቦታውን በመለወጥ ብቻ አዲስ ትርጉም ይሰጠዋል። ይህን በነጠላ የሚሰማ ሰው አያገኘውም፣ ሽያጭ የሚቆጥር ሰውም አያገኘውም። ለነገሩ ያ በአብዛኛው በጃፓንኛ የተዘፈነ አልበም በአሜሪካ አይቲዩንስ (የኢንተርኔት ሙዚቃ መሸጫ) ሦስተኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። በእንግሊዝኛ ስትዘፍንላቸው ያልሰሟት በራሷ ቋንቋ ስታዝን ሰሟት።

«ሃትሱኮይ» በሰኔ 2018 ወጣ። ርዕሱ የመጀመሪያውን አልበም ርዕስ በጃፓንኛ መድገም ነው፣ ሆን ብላ ያደረገችው ነው የሚመስለኝ። ባለ ክር መሣሪያዎችና እውነተኛ ድራም በብዛት አሉበት። የርዕሱን ዘፈን ከ1999ኙ ባላድ ጋር አስተያዩት፦ ያኛው ላለቀ ፍቅር የሚያለቅስ ልጅ ነው፣ ይህኛው ፍቅር ሲጀምር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ አዋቂ። ስለ ድምብላል ቅጠል የተዘፈነ ቀልደኛ ዘፈንም አለው። ረዘም ይላል፣ ሁለት ዘፈን ቢቀነስለት እመርጥ ነበር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ግን ሞትን በጸጥታ የሚያዩ ናቸው፣ እነሱን አትዝለሉ።

«ባድ ሞድ» ጥር 19 ቀን 2022 በኢንተርኔት ተለቀቀ፣ 39ኛ ዓመት የልደት ቀኗ ነበር። አብዛኛው የተሠራው በወረርሽኙ ጊዜ ነው፣ የምትኖረውም ለንደን ነበር። ፍሎቲንግ ፖይንትስና ኤ ጂ ኩክ የሚባሉ የእንግሊዝ ፕሮዲውሰሮች፣ ከጃፓን ደግሞ ናሪያኪ ኦቡኩሮ አብረዋት ሠርተዋል። እንግሊዝኛና ጃፓንኛ አሁን እርስ በርሳቸው አይጣሉም። በአንድ ዘፈን ውስጥ ይገባሉ ይወጣሉ፣ ማንንም ለማስደሰት አይደለም፣ የምትናገረው እንደዚያ ስለሆነ ነው። የመክፈቻው ዘፈን የከፋውን ሰው የሚያጽናና ነው፦ ኢሜይሉን ተወው፣ ፒጃማህን ሳታወልቅ ፊልም እንይ፣ የሚበላ እንዘዝ። ቤት ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። መሃሉ ላይ ዘፈኑ ድንገት ይቆምና ድምፅዋ ብቻውን እንደ ጭጋግ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ድራሙ ተመልሶ ይገባል። እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ሥራ አቆማለሁ። ከዘፈኖቹ በአንዱ የትንሽ ልጇ ድምፅ ይሰማል። የመጨረሻው ወደ 12 ደቂቃ የሚጠጋ የዳንስ ዘፈን ነው፣ በፍቅረኞች መካከል ስለታሰበ ቀጠሮ፣ እየደጋገመ እየደጋገመ ቀስ ብሎ የሚለወጥ። የእኛ ሰው ይህን ለመልመድ አይቸገርም፣ አንድ ዜማ ሌሊቱን ሙሉ እየተቀባበልን የምንጨፍር ሰዎች ነን። በ1999 ይህን አልበም ልትሠራው አትችልም ነበር። ለመሥራት እናት ማጣት፣ ልጅ ማሳደግ፣ ዓመታት ዝም ማለት አስፈልጓታል።

እና የምጠይቃችሁ ይኼ ነው። የኛም አልበም ሲወጣ ገጻችሁ ላይ የማነበው ለዘፋኙ ስንት ብር እንደተከፈለው፣ ዩትዩብ ላይ በስንት ቀን ስንት ሰው እንዳየው ነው። ቅንብሩን ማን ሠራው፣ አራተኛው ዘፈን ለምን ከሦስተኛው ቀጥሎ መጣ፣ ግጥሙ የት ጠነከረ የት ላላ፣ ዘፋኙ ካለፈው አልበም ምን ተማረ ምንስ ተወ የሚል ጽሑፍ በጣም ጥቂት ነው። ሙዚቃ ሠሪዎቻችን ዓመታት ፈጅተው አንድ አልበም ያወጣሉ፣ እኛ በአንድ ቁጥር እንሸኛቸዋለን። አልበም ሰምታችሁ ጻፉልን። ከደከመም ደክሟል በሉ፣ እንችለዋለን።

ኡታዳን መስማት ለሚፈልጉ አንባቢዎቻችሁ ደግሞ፦ ከ«ፋንቶም» ጀምሩ፣ ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ሳትዘሉ። ቀጥሎ «ባድ ሞድ»። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ «ዲፕ ሪቨር»ን። «ፈርስት ላቭ»ን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ያኔ ያቺ ልጅ ወዴት እየሄደች እንደነበር እያወቃችሁ ስለምትሰሟት የበለጠ ትወዷታላችሁ። ከቻላችሁ መካከል ላይ የእናቷን አንድ ዘፈን አስገቡ። የኪነ ጥበብ ገጹ ቦታ ካለው ስለ «ዲፕ ሪቨር» ብቻ ግማሽ ገጽ ጽፌ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም